ከእናቷ አፍ የወሰደችው ዜማ

በ1987 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ኮልድከት በሚል ስም የሚሠሩ ሁለት የሙዚቃ ቀማሚዎች፣ የኒውዮርኮቹን የራፕ ሙዚቀኞች የኤሪክ ቢን እና የራኪምን «ፔይድ ኢን ፉል» እንደ አዲስ የማቀናበር ሥራ ያዙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከከበሮውና ከራፑ መሀል ማንም ያልጠበቀውን ድምፅ አስገቡበት፤ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ለብቻው፣ ከፍ ብሎ የሚንቆረቆር የሴት ድምፅ። በየጭፈራ ቤቱ በዚያ ዘፈን ሲጨፍር ያመሸው ወጣት አብዛኛው የዘፋኟን ስም አያውቅም፤ ቋንቋዋንም አይለይም። ግጥሙ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ የኖረ የአንድ አይሁዳዊ ሸማኔ ነው። ድምፁ ደግሞ በደቡብ ቴል አቪቭ፣ በሐቲክቫ ሰፈር ተወልዳ ያደገችው የኦፍራ ሃዛ።

በእስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የዚህን ድምፅ ዘመዶች በየገበያውና በየአውቶቡሱ ያገኛቸዋል። ብዙ ወገኖቻችን ቂርያት ሞሼ በሚባለው የከተማው ሰፈር ይኖራሉ፤ በዚያው ከተማ ክፋር ማርሞሬክ የሚባል የቆየ ሰፈር አለ። ስሙ የተወሰደው ከቪየናው አርክቴክት ከኦስካር ማርሞሬክ ነው፤ ሰውየው የጽዮናዊው ንቅናቄ መሪ የቴዎዶር ኸርጽል የቅርብ ባልደረባ ነበር። ሰፈሩን ያቀኑት ግን የመኖች ናቸው፤ አመጣጣቸውም ቀላል አልነበረም።

በ1912 ከየመን የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች በገሊላ ባሕር ዳርቻ ኪኔሬት ላይ ሰፈሩ። መጀመሪያ የተጠለሉት የውኃ መሳቢያው ሞተር በነበረበት ቤት ውስጥ ነው። በወባና በሌላ በሽታ ብዙ ሰው ሞተባቸው። ከዚያም አልፎ በመሬቱና በውኃው ምክንያት ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡት ጎረቤቶቻቸው ጋር አልተስማሙም። 18 ዓመት ከኖሩበት ቦታ በ1930 ተነሥተው ወደ ረሆቮት እንዲዛወሩ ተደረገ። ማርሞሬክ የተመሠረተው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ሃፖኤል ማርሞሬክ በሚባለው የእግር ኳስ ክለቡ ጭምር የሚታወቅ የረሆቮት ሰፈር ነው።

የየመኖች ዘፈን ለረጅም ጊዜ የኖረው እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ውስጥ ነው። ማርሞሬክና ሻዓራይም በረሆቮት፣ ሮሽ ሐዓይን፣ በቴል አቪቭ ከረም ሐቴማኒም እና ሐቲክቫ። በሠርግና በሒና ምሽት ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈናል፤ ሲነጋ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ግን የሚሰማው ሌላ ሙዚቃ ነበር። የኦፍራ ሃዛ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መሀል የተካሄደ ነው። ብዙዎች «ከሰፈር ወጥታ ዓለም አቀፍ ሆነች» ብለው ይተርኩታል። ሥራዎቿን በቅደም ተከተል ያዳመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ወደ ዓለም የወሰዳት ከሰፈሯ ሙዚቃ መራቋ አልነበረም፤ በታዋቂነቷ ከፍታ ላይ ወደ እናቷ ዜማ መመለሷ ነው።

ያን ዜማ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የየመን አይሁዶች ሙዚቃ የወንድና የሴት ተብሎ ይለያል። የወንዶቹ ዲዋን በሚባል መጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ ነው፤ ዕብራይስጥን፣ አራማይክንና ዓረብኛን እያፈራረቀ ሰንበትን፣ በዓልንና ሠርግን ያደምቃል። ከባለቅኔዎቹ ሁሉ በላይ የሚከበረው ረቢ ሻሎም ሻባዚ፣ ኑሮውን በሽመና ይገፋ እንደነበር ይነገርለታል። ከጎንደር ለመጡ፣ አያቶቻቸው በሽመናና በቀጥቃጭነት ለኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። የሴቶቹ ዘፈን ግን አልተጻፈም። ሴቶቹ ፊደል አይማሩም ነበርና የሚዘፍኑት በሚናገሩበት በየመን ዓረብኛ ነው። ስለ ፍቅር፣ ሳይወዱ ስለ መዳር፣ ጣውንት ስለ መጣባት ሴት ይዘፍናሉ። ዘፈኑ የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ፣ በቃል ብቻ ነው።

መሣሪያውም የራሱ ታሪክ አለው። ለፈረሰው ቤተ መቅደስ ሐዘን ሲባል የሙዚቃ መሣሪያ አይነካም የሚለውን ሥርዓት የየመን አይሁዶች አጥብቀው ይዘው ኖረዋል። ስለዚህ በእጃቸው ያለውን የቤት ዕቃ አነሡ፤ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ እና የመዳብ ትሪ። ቆርቆሮው ጭን ላይ ይቀመጥና በመዳፍና በጣት ጫፍ ይመታል፤ መሀሉ ሲመታ ይደልቃል፣ ጠርዙ ሲነካ ይንጫረራል። ትሪው ከፍ ብሎ ተይዞ በጣትና በቀለበት ሲንኳኳ ቀጭን የደወል ድምፅ ያወጣል። ልጅ ሆና በጀሪካን ከበሮ የዘፈነች የአገራችን ሴት ይህን ጥበብ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋትም። አዋቂ ሴት በቆርቆሮ ብቻ አንድ ሙሉ የሠርግ አዳራሽ ታስጨፍራለች።

የኦፍራ እናት ሾሻና ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበሩ። የመን ሳሉ በሠርግና በድግስ ይዘፍኑ ነበር። ከባለቤታቸው ከየፌት ጋር ወደ እስራኤል ምድር መጥተው ሐቲክቫ ሰፈር ገቡ። የመኖች በብዛት የመጡት ከ1949 እስከ 1950 ባለው ጊዜ፣ 49 ሺህ ያህል ሰው ከኤደን በአውሮፕላን በተጓጓዘበት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የመጡም ነበሩ። ሐቲክቫ ያኔ ጠባብ ቤቶች የተደራረቡበት የድሃ ሰፈር ነበር። ኦፍራ በኖቬምበር 19 ቀን 1957 ተወለደች፤ ለቤቱ ዘጠነኛና የመጨረሻ ልጅ ናት። እናት ምግብ ሲያበስሉ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ እየሰማች አደገች፤ የመጀመሪያው ትምህርት ቤቷ ይህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቷ የሰፈሩ የቴአትር ቡድን ሆነ። በጻልኤል አሎኒ የሚባል የዚያው ሰፈር ሰው «የሐቲክቫ ወርክሾፕ» የተባለ ቡድን አቋቁሞ ነበር፤ ኦፍራ በ12 ዓመቷ ገደማ ተቀላቀለች። ቡድኑ የሚያቀርባቸው ተውኔቶች ስለ ሰፈሩ ልጆች ኑሮ፣ ስለ ድህነትና ከምሥራቅ አገሮች የመጡት አይሁዶች ስለሚደርስባቸው ንቀት ነበር። አሎኒ በዚያች ቀጭን ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ቶሎ አወቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ አስኪያጇ፣ የግጥም ደራሲዋና መካሪዋ ሆኖ ቆየ።

ወታደራዊ አገልግሎቷን እንደጨረሰች በ1979 «ሽላገር» በተባለ ፊልም ላይ የዘፈነችው ዘፈን ስሟን በአንድ ጊዜ አገር ውስጥ አናኘው። ግጥሙ የአሲ ዳያን፣ ዜማው የጽቪካ ፒክ ነው። ርእሱ «የፍሬሐ ዘፈን» ነው። «ፍሬሐ» ማለት ያኔ ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ ቤተሰብ የተወለደችን፣ ደማቅ የምትለብስና ጮክ ብላ የምትስቅ ልጃገረድ ለማዋረድ የሚወረወር ስድብ ነበር። የሐቲክቫ ልጅ ያንን ስድብ በራሷ አፍ ዘፍናው አገር ሙሉ ተከተላት። ጠንካራ ነገር ነው። ግን የድሉ ወሰንም እዚያው ይታያል፤ ዜማው ዘመናዊ ፖፕ ነው፣ የመን በውስጡ የለም።

ያ ጊዜ በእስራኤል ሁለት የሙዚቃ ገበያ የነበረበት ጊዜ ነው። አንዱ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ትልልቆቹ ሸክላ አሳታሚዎች የያዙት ነው። ሌላው በቴል አቪቭ አሮጌው የአውቶቡስ መናኸሪያ ዙሪያ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቸረቸረው ካሴት። በዚህ ካሴት የነገሠው ዞሃር አርጎቭ ነው፤ እሱም ሪሾን ለጺዮን ከየመን ቤተሰብ የተወለደ ነው። ካሴቱ በገፍ ይሸጥ ነበር፤ በሬዲዮ ግን የሚሰጠው ሰዓት ከተወዳጅነቱ ጋር አይመጣጠንም። አርጎቭ በ1987 በፖሊስ ጣቢያ እስር ቤት ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ፤ ዕድሜው 32 ነበር። ኦፍራ የመረጠችው ሌላውን በር ነው። የዕብራይስጥ ፖፕ ዘፈነች፤ ሬዲዮው ተቀበላት፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ሴት ድምፃዊ ተባለች።

በኤፕሪል 1983 አገሯን ወክላ ለዩሮቪዥን ውድድር ሙኒክ ሄደች። የዘፈኑ ስም «ሐይ» ነው፤ «ሕያው» ማለት ነው። ግጥሙ የኤሁድ ማኖር፣ ዜማው የአቪ ቶሌዳኖ። ቦታው ሙኒክ መሆኑ ነገሩን ሌላ አደረገው፤ በ1972 ኦሎምፒክ አሥራ አንድ የእስራኤል ቡድን አባላት የተገደሉባት ከተማ ናት። ቢጫ ለብሰው መድረክ ላይ የወጡት የኦፍራ አጃቢዎች፣ እዚያ ከተማ ውስጥ ቆመው በሕይወት አለን ብለው በዕብራይስጥ ዘፈኑ። በ136 ነጥብ ሁለተኛ ወጣች፤ ያሸነፈችው ሉክሰምበርግን የወከለችው ኮሪን ኤርሜስ ናት፣ በ142።

በሙያው ሕግ ቢኬድ ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ሌላ የፖፕ አልበም፣ ሌላ የአውሮፓ ጉዞ ነው። ኦፍራ በ1984 ያወጣችው ግን «የየመን መዝሙሮች» ነው። ወላጆቿን ለማክበር ያዘጋጀችው አልበም ነው፤ ሻባዚና ሌሎች የዲዋን ባለቅኔዎች የጻፏቸው፣ አንዳንዶቹም በየመን ዓረብኛ የሚዘፈኑ፣ ከልጅነቷ ጀምራ የሰማቻቸው። ቤኒ ናጋሪ አቀናበረው። የቫዮሊኖቹ ድምፅ ሰፊ ነው፤ ከሥር ግን ቆርቆሮውና ትሪው አሉ፣ ማንም አላስወጣቸውም። የማርሞሬክ አያት ሰምታ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት የማይከብዳት ቀረጻ ነው። የዘፋኟ ሥራዎች ሁሉ ተሰብስበው አንድ ብቻ ይቅር ቢባል መቅረት ያለበት ይህ አልበም ነው፤ በኋላ የመጣው ዝና ሁሉ የተቀዳው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ የሆነው የለንደን ታሪክ ነው። ግሎብስታይል የሚባል አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ አልበሙን ለእንግሊዝ ገበያ አወጣው። በጁን 1987 እንደ ግሎብስታይል ያሉ ትናንሽ አሳታሚዎች ለንደን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ተሰበሰቡ። ችግራቸው ቀላል ነበር፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚያመጧቸውን ሸክላዎች ባለሱቆች የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጧቸው አያውቁም። «ወርልድ ሚዩዚክ» የሚለው የገበያ ስም የጸናው በዚያ ስብሰባ ነው።

ከዚያ ስብሰባ ተሳታፊዎች አንዱ ትሪፕል ኧርዝ የተባለው ድርጅት ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ይህ ስም ባዳ አይደለም። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር አወቀ ከአይቤክስና ከሌሎች ባንዶች ጋር ስትዘፍን ቆይታ፣ አሊ ታንጎ ካሴቶቿን አሳትሞላት፣ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። ዋሽንግተን ውስጥ በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ለስደተኛ ወገኖቿ ስትዘፍን የለንደኑ ትሪፕል ኧርዝ አገኛት። «አስቴር» በ1989፣ «ካቡ» በ1991 ወጡ፤ አማርኛ የማያውቅ አድማጭ ትዝታና አምባሰል ሲሰማ ቆሞ አዳመጠ። የመናዊቷና ጎንደሬዋ፣ የሁለት ቤት ልጆች፣ በተቀራራቢ ዓመታት በአንድ ከተማ በር ገቡ። ሁለቱም ይዘው የገቡት የቤታቸውን ዜማ ነው፤ የፈረንጁን ዜማ ፈረንጁ ራሱ ነበረው።

ወደ ኦፍራ እንመለስ። በፌብሩዋሪ 1987 እሷና አሎኒ የተሳፈሩባት ትንሽ አውሮፕላን በዮርዳኖስ ድንበር አቅራቢያ ተራራ ላይ ወደቀች፤ ሁለቱም በሕይወት ተረፉ። በዚያው ዓመት ኮልድከት ያንን ድምፅ ከግሎብስታይሉ ሸክላ ወሰዱ። ድምፁ የተቀዳው «ኢም ኒንዓሉ» ከተሰኘው የሻባዚ መዝሙር መግቢያ ነው። ከዚህ በኋላ የእስራኤሉ ሮክ ሙዚቀኛ ኢዝሃር አሽዶት መዝሙሩን ለጭፈራ በሚሆን ምት እንደገና ሠራው።

አሠራሩ ልብ ብሎ ማዳመጥን ይጠይቃል። አሽዶት መግቢያውን አልነካውም። ድምፁ ብቻውን ይጀምራል፤ አንዱን ፊደል ይዞ ያወዛውዘዋል፣ ይሰብረዋል፣ እንደገና ያነሣዋል፤ ምኵራብ ውስጥ ያለህ እስኪመስልህ። ከዚያ ከበሮው ይገባል፤ የኤሌክትሮኒክስ ከበሮ ነው፣ ግን አመታቱ የቆርቆሮውን ስልት አይለቅም። ስለ ሰማይ ደጅ የሚናገር፣ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው መንፈሳዊ ግጥም በአውሮፓ ጭፈራ ቤቶች ተጨፈረበት። በ1988 ጀርመን ውስጥ ለሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በብሪታንያ 15ኛ ደረጃ ደረሰ። ከአምስት ዓመት በፊት ሙኒክ ላይ በፖፕ ዘፈን ሁለተኛ የወጣችው ልጅ፣ በሻባዚ ግጥም የጀርመንን ገበያ አሸነፈች። «ሻዳይ» የተባለው አልበም ተከተለ፤ እዚያ ውስጥ ያለው «ጋልቢ» ደግሞ በየመን ዓረብኛ ነው፣ የሠነዓ ተወላጁ አሐሮን አምራም የደረሰው።

ይህ ነገር በአንድ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በአሜሪካ ቴክሳስ በ1971 የተወለደችው ሴሌና ኪንታኒያ ከሜክሲኮ ዘር ናት። አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በስፓኒሽ መዝፈን የጀመረችው ቋንቋውን በደንብ ሳታውቀው ነው፤ አባቷ እያስጠናት። ቴሃኖ የሚባለውን፣ አኮርዲዮንና የፖልካ ምት ያለበትን የድንበር ሙዚቃ ይዛ በ1994 የግራሚ ሽልማት አገኘች። በማርች 31 ቀን 1995 የአድናቂዎቿን ማኅበር ትመራ በነበረች ሴት ተተኩሶባት ስትሞት ገና 24 አልሞላትም። ለእንግሊዝኛው ገበያ ስታዘጋጀው የነበረው አልበም ከሞተች በኋላ ወጥቶ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ከወላጅ የተወረሰው ሙዚቃ በልጅ አፍ እንዲህ ሲፈነዳ በተለያየ አህጉር ታይቷል፤ ሠርግ ላይ የሚዘፈን «የእነሱ ነገር» ተብሎ የተናቀው።

ለኦፍራ ቀጣዮቹ ዓመታት የጉዞ ዓመታት ሆኑ። በ1992 «ቂርያ» የተባለውን አልበም ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከዶን ዋስ ጋር ሠራች። ሉ ሪድ እና ኢጊ ፖፕ፣ ሁለት ታላላቅ የሮክ ሰዎች፣ በእንግድነት ገቡበት። አልበሙ ለግራሚ ታጨ፤ ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ እስራኤላዊት ድምፃዊት እሷ ናት። በዚያው ዓመት ሲስተርስ ኦፍ መርሲ ከተባለው የእንግሊዝ ሮክ ቡድን ጋር የሠራችው ዘፈን በብሪታንያ ሦስተኛ ሆነ። በዲሴምበር 1994 የእስራኤል መሪዎች ራቢንና ፔሬስ፣ የፍልስጤሙ መሪ አራፋትም የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ኦስሎ ላይ ዘፈነች።

በ1998 «የግብፅ ልዑል» የተባለው የካርቱን ፊልም ወጣ። የሙሴን እናት የዮካብድን ድምፅ የሰጠችው ኦፍራ ናት። ሕፃኑን ቅርጫት ውስጥ አድርጋ ወንዙ ላይ የምታኖረው እናት የምታንጎራጉርለት ዜማ አጭር ነው፤ ፊልሙን ያየ ሰው ግን አይረሳውም። ፊልሙ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲተረጎም ያንን ክፍል ራሷ በ17 ቋንቋዎች ዘፈነችው። ለዚህ ሥራ ከእናቷ ኩሽና የተሻለ ልምምድ የትም አታገኝም ነበር።

በ1997 ነጋዴ ከነበረው ከዶሮን አሽኬናዚ ጋር ተጋባች። ከዚያ በኋላ በአደባባይ የምትታየው እየቀነሰ ሄደ። በፌብሩዋሪ 2000 ተል ሐሾሜር ሆስፒታል ገባች፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ አልተነገረም። ጋዜጠኞች በር ላይ ሰነበቱ። በፌብሩዋሪ 23 አረፈች፤ 42 ዓመቷ ነበር። ከሞተች በኋላ ሐአሬጽ ጋዜጣ የሞቷ ምክንያት ከኤድስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አወጣ። ፔታሕ ቲክቫ በሚገኘው በያርኮን መቃብር ተቀበረች። በሽታው እንዴት እንደያዛት ብዙ ተወራ፣ ብዙም ተካሰሱበት፤ ያንን እዚህ መድገም ለማንም አይጠቅምም።

መነገር ያለበት ግን አለ። በ2000 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ የሞት ፍርድ አልነበረም። ከ1996 ጀምሮ ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ የሚሰጠው ሕክምና ወጥቶ፣ በእስራኤልም ይሰጥ ነበር። በጊዜው የታከመ ሰው ይኖራል፣ ይሠራል፣ ይዘፍናል። ሐፍረት ግን ሰውን ከሐኪም ያርቃል።

ይህ ሐፍረት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ከማንም በላይ የሚያውቀው የእስራኤል ኢትዮጵያዊ ነው። በጃንዋሪ 1996 አንድ ጋዜጣ ጉዱን አወጣው፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት፣ ሳይነገራቸው፣ ለዓመታት ሲደፋ ኖሯል። በውትድርና ላይ ያሉ ልጆች የሰጡት ደም ጭምር። ሰው ለማዳን ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ተቀባዮቹ ግን አመስግነው ሸኟቸውና ደማቸውን ጣሉት። በዚያው ወር በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የዚያ ቀን ቁጣ ቂርያት ሞሼ ውስጥ ዛሬም ይወራል። በሽታውን በአንድ ሕዝብ ላይ ለጥፎ ሌላው ንጹሕ ነኝ ባለበት አገር፣ ከአራት ዓመት በኋላ አገሪቱ ያከበረቻት፣ በየቤቱ የምትወደደው ድምፃዊት በዚያው በሽታ ሞተች። የሷ ሞት ብዙ እስራኤላውያን በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ እንዲጠሩት አድርጓል። ዋጋው ግን እሷ ሆነች፤ ይህ የሚያንገበግብ ነው።

በሐቲክቫ ሰፈር በስሟ የተሰየመ የሕዝብ መናፈሻ አለ። ከመናፈሻው የሚበልጠው ውርሷ ግን በሙዚቃው ውስጥ የተከፈተው መንገድ ነው። በ2015 ኤ-ዋ የሚባሉ ሦስት እኅትማማቾች «ሐቢብ ጋልቢ» የተባለ ዘፈን አወጡ። ልጆቹ ከደቡብ በረሃ ከሻሐሩት መንደር ናቸው፤ አባታቸው ከየመን ቤተሰብ ነው። ዘፈኑ የየመን ሴቶች በቃል የሚቀባበሉት፣ በ1960ዎቹ ሽሎሞ ሞጋዓ የተባለ ዘፋኝ የቀረጸው ነው። ልጆቹ ሰምተው አጠኑት፣ የሂፕሆፕ ምት ጨመሩበት፤ በእስራኤል የሬዲዮ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የዓረብኛ ዘፈን ሆነ። ያልተጻፈው፣ ሬዲዮው ሲያልፈው የኖረው የሴቶች ዘፈን። ሞጋዓ በጊዜው ባይቀርጸው ኖሮ እኅትማማቾቹ የሚያጠኑት ነገር አይኖርም ነበር። በረሆቮት የሚኖሩ የጎንደር እናቶች የሠርግ ዘፈንም እንዲሁ በቃል ያለ ነው፤ ዘፋኞቹም በዕድሜ እየገፉ ነው።

ከኢትዮጵያውያን ልጆች ወገን ጅምሩ በጎ ነው። ከ2002 ጀምሮ የወጡት የዒዳን ራይኸል ፕሮጀክት አልበሞች የአማርኛን ድምፅ ወደ እስራኤል ሬዲዮ አስገቡ፤ ሱዳን በስደት መንገድ ላይ የተወለደችው ካብራ ካሳይ በዚያ ቡድን ውስጥ ታወቀች። በ2011 የስዴሮቷ ሐጊት ያሶ «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር አሸነፈች። በ1985 ቂርያት አርባዕ የተወለደችው አስቴር ራዳ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በአዲስ ቅንብር ተጫውታው በአውሮፓ መድረኮች ዞራለች፤ የእንግሊዝኛ ሶል ከኢትዮ ጃዝ ጋር ተገናኝቶበታል።

ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ ደግሞ በ2020 እስራኤልን ለዩሮቪዥን እንድትወክል ተመረጠች። ለውድድሩ የተመረጠላት ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል፤ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥና ዓረብኛ ቢኖሩበትም ስሙና አዝማቹ አማርኛ ነው። ኦፍራ በሙኒክ ከቆመች ከ37 ዓመት በኋላ አማርኛ በዚያው ውድድር መድረክ ላይ ሊሰማ ነበር። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት ኤደን እንደገና ሄደች፤ ሮተርዳም ላይ ለፍጻሜ አልፋ 17ኛ ወጣች። በደንቡ መሠረት ግን የዓምናው ዘፈን አይደገምምና አዲስ ዘፈን ይዛ ነበር የቀረበችው፤ እሱም ከጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት በቀር በእንግሊዝኛ ነው።